ልብሳችንን የሚያጥበውን ማን ያጥበው?



በዚህ ዕትም የምናወራው ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። «ሬቫሃ ደግሞ ስለ ማሽን ምን አገባው?» ቢሉ አይፈረድብዎትም። እኔም ኦቬዴት ሶትሲያሊት ለመሆን ስማር ስለ ማሽን ፊልተር እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን በየቤቱ ስንሄድ የምናየው ነገር ነው እንድጽፍ ያደረገኝ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬ ነው የምነግርዎት። የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። ቡናው ቶናው ላይ ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ልብስህ ይሸታል ይሉታል» አሉኝ። «በየቀኑ አጥብለታለሁ። ሳሙናውን እጥፍ አድርጌ ነው የምጨምረው። አሁን ባሰበት። በስልክ ደውለውልኝ አዲስ ማሽን በ24 ታሽሉሚም እንሰጥሻለን ብለዋል፤ ምን ላድርግ፣ ልገዛ ነው።»

ተነሥተን ማሽኑን አየነው። የበሩን ጎማ በጣቴ ገለጥ ሳደርገው እጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ልጋግ ተጠራቅሟል። ታች ያለውን ፊልተር ስንከፍት ደግሞ ፀጉር፣ ሳንቲም፣ የፀጉር ማስያዣና የበሰበሰ የሕፃን ካልሲ ወጣ። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። እናትየዋም ንጽሕና የጎደላቸው ሰው አይደሉም፤ ቤታቸው ወለሉ የሚያበራ ቤት ነው። ማሽን ራሱ መታጠብ እንዳለበት የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። የዚያን ቀን ከትልቋ ልጃቸው ጋር አጸዱት፤ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ባዶውን ዞረ፤ ሽታው ሄደ። የወጣው ገንዘብ የአንድ ፓኬት ዱቄት ሳሙና ዋጋ አይሞላም።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሥራ የሚመጣው። አንድ ልጅ በትምህርት ቤት ሲያፍር፣ አንድ ቤተሰብ ሳያስፈልገው ለሁለት ዓመት ዕዳ ሊገባ ሲል ጉዳዩ የማሽን ብቻ አይደለም። ስለዚህ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ማንበብ የሚያስቸግር ሰው በቤት ካለም ያንብቡለት።

ወንዙና ማሽኑ

አገር ቤት ልብስ የሚታጠበው ወንዝ ተወርዶ ነበር። እንዶዱ ይወቀጣል፣ ነጩ ልብስ ድንጋይ ላይ ይታሻል፣ እድፉን ወንዙ ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ ልብሱ ቁጥቋጦ ላይ ይሰጣና ፀሐይ ይመታዋል። ሰንበት ሳይገባ የቤተሰቡ ልብስ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል። እኔ የተወለድኩት እዚህ ስለሆነ ይህን የሰማሁት ከአያቴ ነው። እርስዎ ግን ምናልባት በገዛ እጅዎ ሠርተውታል።

ወንዙን ማንም ሰው አጥቦት አያውቅም። ውሃው ስለሚሄድ፣ ፀሐይና ነፋስ ስለሚያገኘው ራሱን በራሱ ያጠራል። ማሽን ግን ዝግ ሣጥን ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ማሽኖች፣ በተለይ ከፊት የሚከፈቱት፣ ለአንድ እጥበት የሚጠቀሙት ውሃ ከ40 እስከ 60 ሊትር ገደማ ነው። በዚያ ጥቂት ውሃ ከልብስ የወጣው ሁሉ ተጠርጎ አይወጣም። የተወሰነው ከበሮው ጀርባ፣ ጎማው ሥር፣ ፊልተሩ ውስጥ ይቀራል። ጨለማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሞቅ ይላል። ለሻጋታና ለባክቴሪያ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም።

ጠላ የጠመቁ እናቶች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ጋኑ በግራዋ ሳይታጠብና በወይራ ሳይታጠን ጠላ ይጠመቅበታል? ያለፈው አተላ ካልወጣ አዲሱም ይበላሻል። ማሽኑም እንደዚያው ነው። ጥሩ ሳሙና ብንጨምርም አተላው ውስጥ ካለ የምናጥበው ልብስ በአተላ ውሃ ነው የሚታጠበው።

አተላው ከየት ይመጣል?

አራት ምክንያቶች አሉ። አራቱም ከስንፍና የሚመጡ አይደሉም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ የሚመጡት ከመጠን በላይ ከመትጋት ነው።

አንደኛው የሳሙና መብዛት ነው። በእጅ ስናጥብ አረፋ ሲበዛ ደስ ይለናል፤ የጸዳ ይመስለናል። በማሽን ግን አረፋ የጽዳት ምልክት አይደለም። የበዛውን ሳሙና ያ ጥቂት ውሃ አጥቦ ሊያወጣው አይችልም። የቀረው ሳሙና ከልብስ ከወጣው ላብና ብናኝ ጋር ተጣብቆ ልጋግ ይሆናል። ልብሱ ሲሸት ሳሙና እንጨምራለን፤ ሳሙና ስንጨምር ልጋጉ ይበዛል፤ ልጋጉ ሲበዛ ሽታው ይብሳል። ያቺ እናት የገቡበት ይህ ነው።

ሁለተኛው ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ነው። ለመብራት ቁጠባ በ30 ዲግሪ ማጠብ ጥሩ ነው፤ ቀለም ያለውን ልብስም ይጠብቃል። ግን ቅቤ የነካውን ድስት በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው ያውቃሉ? ውሃው ሲሄድ ቅባቱ ድስቱ ላይ ይቀራል። የሰው ላብ ቅባት አለው። ፀጉር የተቀባ ሰው ትራስ ልብስና ሻሽም ቅባት አለው። የማእድ ቤት ፎጣማ አይነሣ። ያ ቅባት በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አይለቅም፤ ከልብሱ ቢለቅ እንኳ የማሽኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ሦስተኛው ማለስለሻ፣ በዕብራይስጥ መራኬኽ የምንለው ነው። ሽታው ደስ ይላል፤ ግን ወፍራምና የሚያጣብቅ ነገር ነው። ሲበዛ መሳቢያው ውስጥ እንደ አጓት ይረጋል፤ ፎጣም ውሃ እንዳይጠጣ ያደርጋል። መጥፎ ሽታን በማለስለሻ መሸፈን ላብ ላይ ሽቶ እንደ መርጨት ነው።

አራተኛው በሩን መዝጋት ነው። ብዙ ሰው አጥቦ ሲጨርስ በሩን ይዘጋል፤ ቤቱ ሥርዓት ያለው እንዲመስል ብሎ። እርጥበቱ ግን መውጫ ያጣል። ከዚህ የሚብሰው ዓርብ ዕለት የሚሆነው ነው። ሥራ ይበዛል፣ ምግቡ አለ፣ ልጆቹ አሉ፤ የመጨረሻው እጥበት ሰንበት ሊገባ ሲል ይጀመራል። ልብሱ ሳይወጣ ሰንበት ይገባል። እስከ ቅዳሜ ማታ እርጥቡ ልብስ በተዘጋ ማሽን ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ያ ልብስ ሲወጣ እንደገና መታጠብ አለበት፤ ሽታውም ማሽኑ ውስጥ ይቀራል። የሚቻል ከሆነ ትልቁን እጥበት ሐሙስ ያድርጉት። ዓርብ ከሆነም ጠዋት በማለዳ ይጀምሩት።

ማሽኑ መታጠብ እንደሚፈልግ በምን ይታወቃል?

በሩን ከፍተው ያሽትቱ። የረጠበ ጨርቅ ሽታ ካለው ጊዜው ደርሷል። ጎማውን ገልጠው ይዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ነው። ነጭ ልብስ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ቅርፊት የሚመስል ነገር ከተገኘ ልጋጉ እየተቀረፈ ነው ማለት ነው። ልብሱ ሲደርቅ ምንም የማይሸት፣ ሰው ለብሶት ላብ ሲነካው ግን ወዲያው የሚሸት ከሆነም ያው ነው። ልጆች በስፖርት ሰዓት የሚያፍሩት በዚህ የተነሣ ነው።

ሌላ ቀላል ፈተና አለ። ሳሙና ሳይጨምሩ ባዶውን ማሽን በ60 ዲግሪ ያስነሡትና ከ20 ደቂቃ በኋላ በመስታወቱ ይመልከቱ። አረፋ ካዩ ያ ከበፊቱ እጥበት የቀረ ሳሙና ነው።

ሽታው የሽንት ቤት ቱቦ ሽታ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ጥፋቱ ከማሽኑ ላይሆን ይችላል። የቆሻሻ ውሃ ማውጫው ቱቦ ግድግዳው ውስጥ በጣም ጠልቆ ገብቶ ወይም የቤቱ ፍሳሽ ተደፍኖ ይሆናል። ለዚህ የሚጠራው የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ጽዳቱ ደረጃ በደረጃ

አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የሚያስፈልገው ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ሦስት ጨርቅ፣ ዝቅ ያለ ትሪ፣ የእጅ ጓንትና ዱቄት ሳሙና ነው። ከመጀመርዎ በፊት ማሽኑን ያጥፉና ሶኬቱን ይንቀሉ። እጅዎ እርጥብ ከሆነ ሶኬት አይንኩ።

1. መሳቢያው። ሳሙና የሚጨመርበትን መሳቢያ እስከ መጨረሻው ይሳቡት። ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ የሚጫኑት ምልክት አለ፤ እሱን ተጭነው ሲስቡ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና በብሩሽ ይፈትጉት። የማለስለሻው ቦታ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳንም አውጥተው ይጠቡ። መሳቢያው የነበረበትን ጉድጓድ አይርሱት፤ ጣሪያው ላይ ሻጋታ ይወዳል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

2. ጎማው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ከሆነ የበሩን ጎማ ዙሪያውን በጣትዎ እየገለጡ እጥፋቱን ይጥረጉ። ታችኛው ክፍል ላይ ውሃና ፀጉር ይጠራቀማል። መርፌ ቁልፍ ሊኖር ስለሚችል ጓንት ያድርጉ። በሞቀ የሳሙና ውሃ ጠርገው ሲጨርሱ በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። ለዓመታት የቆየ ጥቁር ነጠብጣብ ላይለቅ ይችላል። ልጋጉና ሽታው ከሄደ ያ ነጠብጣብ አያሳስብዎት።

3. ፊልተሩ። ብዙውን ጊዜ ከፊት ታች በቀኝ በኩል ካለች ትንሽ መዝጊያ ጀርባ ነው። ከላይ የሚከፈቱ አንዳንድ ማሽኖች ግን ሌላ ቦታ ነው ያላቸው። ካጡት በኃይል አይክፈቱ፤ የማሽኑን መመሪያ ይዩ። ማሽኑ በሙቅ ውሃ አጥቦ ከሆነ ውሃው እንዲበርድ ይጠብቁ፤ ያቃጥላል። ትሪውንና ጨርቁን ከሥር ያድርጉ፤ ማጋቡንም ያቅርቡ። ፊልተሩን ወደ ግራ ቀስ ብለው ያዙሩት። ውሃ መውረድ ሲጀምር ያቁሙ፣ ትሪውን ይድፉ፣ እንደገና ትንሽ ያዙሩ። ውሃው ሲያልቅ አውጥተው በቧንቧ ሥር በብሩሽ ይጠቡት። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረ ፀጉር ወይም ሳንቲም ካለ ያውጡ። ሲመልሱት በደንብ አጥብቀው ይዝጉ። ከዚያ በአጭር ፕሮግራም አስነሥተው የሚፈስ ውሃ እንደሌለ ይመልከቱ። ይህን በየ2 ወይም በየ3 ወሩ ያድርጉት። ልብሱ ውሃ እየጠጣ የሚወጣ፣ ማሽኑም ውሃ አላወጣ የሚል ከሆነ ቴክናይ ከመጥራትዎ በፊት መጀመሪያ ፊልተሩን ይዩ።

4. ከበሮው። አሁን ልብስ ሳያስገቡ፣ ለነጭ ልብስ የሚሆን ዱቄት ሳሙና ጨምረው በ60 ዲግሪ ወይም ማሽኑ ካለው በ90 ዲግሪ ረጅሙን ፕሮግራም ያስነሡ። ዱቄት ያልኩት በምክንያት ነው። የነጭ ልብስ ዱቄት ብዙ ጊዜ የሚያነጣ ነገር አለው፤ ያ ነገር የሚሠራው ውሃው ሲሞቅ ነው። ፈሳሹ ሳሙና ግን በአብዛኛው ይህ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጸዱ ከሆነ ሁለት ጊዜ መድገም ያስፈልግ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል።

5. አቫኒት። ቤትዎ ያለውን የውሃ ማፍያ ኩምኩም ከፍተው ይዩ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ያው ቅርፊት ማሽኑ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ላይም አለ። ይህን የሚያወጣ በሱፐር የሚሸጥ ማጽጃ አለ። የማሽኑ መመሪያ ከፈቀደ በሜላሕ ሊሞንም መጠቀም ይቻላል፤ 100 ግራም ገደማ ባዶው ከበሮ ውስጥ ጨምሮ ከ60 ዲግሪ ባልበለጠ ውሃ ማስነሣት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ኮምጣጤ በየሳምንቱ መጨመር ግን አይመከርም፤ አሲዱ ቀስ በቀስ ጎማውን ይጎዳል።

ይህን በፍጹም አይቀላቅሉ

እዚህ ላይ ቆም ብለው ያንብቡልኝ። ኤኮኖሚካን ከኮምጣጤ፣ ከሜላሕ ሊሞን ወይም ከአቫኒት ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ። ሲቀላቀሉ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። መስኮት በሌለው ሽንት ቤት ወይም ጠባብ በረንዳ ውስጥ ሳንባን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ አይቀላቀልም። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አብረው ሲሆኑ የበለጠ ያጸዳሉ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም። ዛሬ በአንዱ ካጸዱ ማሽኑን በንጹሕ ውሃ ያዙሩት፤ ሌላውን ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት

ማሽን ከታጠበ በኋላ በሩ በትንሹ ክፍት ይሁን ብያለሁ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል። ግን ትንሽ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቤት ካለ ይህ ብቻውን አደጋ አለው። ልጅ መደበቂያ ይወዳል፤ ማሽን ውስጥ ገብቶ በሩ ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ያለበት ክፍል ወይም በረንዳ በሩ ይቆለፍ። ይህ የማይቻል ከሆነ ማሽኑ እስኪደርቅ ሰው ባለበት ይከፈትና ከዚያ ይዘጋ። ማሽኑን ከማስነሣትዎ በፊትም ሁልጊዜ ውስጡን ይዩ።

የሳሙና ካፕሱላ ደግሞ ቀለሙ ከረሜላ ይመስላል። ልጅ ቢነክሰው ይፈነዳል፤ አፍን፣ ጉሮሮንና ዓይንን ያቃጥላል። ከፍ ባለና በተቆለፈ ቦታ ያስቀምጡት። ልጅ ከዋጠ አያስመልሱት፤ ዓይኑ ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይጠቡት። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ማጌን ዳቪድ አዶም 101 ይደውሉ። ምክር ለመጠየቅ ደግሞ ሐይፋ በራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከል 04-7771900 ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉት።

በማሽኑ ላይ የተጻፉት ቃላት

ብዙ እናቶች አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የምጠቀመው ይሉኛል፤ ልጆቹ ያሳዩዋቸውን። ሌሎቹን ለማወቅ እነዚህ ቃላት ይረዱዎታል። ኩትና ጥጥ ማለት ነው፤ ፎጣና አንሶላ የሚታጠብበት። ሲንቴቲ ጥጥ ላልሆነ ጨርቅ ነው። ሽቲፋ ማለቅለቅ፣ ስሒታ መጭመቅ ነው። ኒኩይ ቶፍ ከበሮ ማጽጃ ማለት ነው፤ ማሽንዎ ይህ ካለው ለወር ጽዳቱ እሱን ይጠቀሙ። ሜሳኔን ማለት ፊልተር ነው። የልጅ ልጅዎ ሲመጣ አብራችሁ በየቁልፉ ሥር በአማርኛ ወረቀት ለጥፉበት። ልጁ የእርስዎን ፊደል ይማራል፣ እርስዎም የማሽኑን።

ትንንሽ ልማዶች

ሳሙናውን በጠርሙሱ ክዳን ላይ ባለው መስመር ይለኩ፤ በዓይን አይጨምሩ። ከበሮውን ጢም አድርገው አይሙሉ፤ ከልብሱ በላይ የእጅ መዳፍ የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይተዉ። ኪስ ይፈትሹ። ፎጣ፣ አንሶላና የውስጥ ልብስ መለያው ላይ ከተፈቀደ በሳምንት አንዴ በ60 ይታጠብ፤ ልብሱም ይጸዳል ማሽኑም ያገግማል። እጥበቱ ሲያልቅ ልብሱን ወዲያው አውጥተው ያስጡ፤ ጎማውን በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ፤ መሳቢያውንም ገርበብ ያድርጉት። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ሁሉ አድርገውም ካልሆነ

ማሽን ሊያረጅና ሊበላሽ ይችላል። ቴክናይ ሲጠሩ ከመምጣቱ በፊት ዴሜ ቢኩር ስንት እንደሆነ በስልክ ይጠይቁ። ማሽኑን ከመፍታቱ በፊትም ጥገናው ስንት እንደሚያወጣ ይናገር። ደረሰኝ ይቀበሉ።

ማሽን እንሸጥልዎ ብለው በስልክ ቢደውሉልዎ ወዲያው «እሺ» አይበሉ፤ የካርድ ቁጥርዎን አይስጡ። «ከልጄ ጋር ልማከርና እደውላለሁ» ማለት ነውር አይደለም። እሺ ብለው ከሆነም ሕግ ይጠብቅዎታል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይቻላል። ዕድሜዎ 65 የሞላ፣ ወይም አካል ጉዳተኛ፣ ወይም አገር ከገቡ 5 ዓመት ያልሞላዎት አዲስ ዖሌ ከሆኑ፣ ሽያጩ የተደረገውም በንግግር ከሆነ፣ ጊዜው እስከ 4 ወር ይረዝማል። የመሰረዣው ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ የሚያንሰውን ነው መጠየቅ የሚችሉት። ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ ይምጡ፤ አብረን እንጽፋለን።

ማሽን የሌለው ወይም የማይጠገን ማሽን ያለው ቤተሰብም ዝም ብሎ አይቀመጥ። እንደ ገቢውና እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ መሠረታዊ የቤት ዕቃ ለማግኘት እርዳታ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ለሁሉም ይሰጣል ብዬ ቃል አልገባም፤ እያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ካልተጠየቀ ግን አይታይም።

ለመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። ያቺ እናት ለወራት ለማንም ሳይናገሩ የቆዩት አፍረው ነው። «ሰው ሆድሽ ውስጥ ያለውን ካወቀ ይስቅብሻል» ብለው ነው። የሚያሳፍር ነገር ግን አልነበረም፤ ያልታጠበ ፊልተር ነበር። የጎረቤትዎ ልጅ ልብስ ቢሸት እናቱን በልብዎ አይፍረዱባት፤ ቡና ጠርተው ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት።

ስግድ እየቀረበ ነው። ነጩ ቀሚስና ነጠላ ከሣጥን ሊወጣ ነው። እሱን ከማጠብዎ በፊት ባለው ሳምንት ማሽኑን ያጽዱት። ከዚያ ነጠላውን በመረብ ከረጢት አድርገው በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙና፣ ጥለቱን እንዳያበላሽ ያለ ኤኮኖሚካ ያጥቡት። ጥለቱ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ወይም እርግጠኛ ካልሆኑ እንደ ድሮው በእጅ ይሻላል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ያስጡት።

በሰላም ያድርሰን።